ፖሊስ ሲበድል በየትኛው በር ይገባል? አቤቱታ፣ የካሳ ክስና የፍርድ ቤት ክለሳ በእንግሊዝና በዌልስ

ለንደን ውስጥ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ተይዞ ጣቢያ አድሮ ሲወጣ ወዳጅ ዘመዱ የሚመክረው አንድ ነገር ነው፤ «ዝም እንዳትል፣ አቤት በል»። አቤት ይላል። ምርመራው ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ዓመቱን ይሻገራል። በመጨረሻ «የተሰጠው አገልግሎት ተቀባይነት ያለው ነበር» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ይሄኔ ጠበቃ ፍለጋ ይወጣል፤ ጠበቃው አስቀድሞ የሚጠይቀው የተያዘበትን ቀን ነው። አቤቱታው ሲንከባለል ሁለት በሮች እንደተዘጉበት የሚሰማው ያን ቀን ነው።

ከዚህ በታች ያለው ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ የሚሠራ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሕግና አቤቱታ ሰሚ አላቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የሚፈልጉት ምንድን ነው?

ጠበቃ ከመምረጥዎ በፊት ይህን ለራስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሱ። ፖሊሱ በዲሲፕሊን እንዲጠየቅ ወይም ይቅርታ እንዲባሉ ከሆነ መንገዱ አቤቱታ ነው። ገንዘብ ከሆነ የፍትሐ ብሔር የካሳ ክስ ነው። አንድ ውሳኔ እንዲሻር ወይም አንድ አሠራር እንዲቆም ከሆነ ደግሞ ጁዲሻል ሪቪው የሚባለው የፍርድ ቤት ክለሳ ነው።

አንዱ የሌላውን አይሰጥም። አቤቱታ ሰሚው ካሳ ፈርዶ አያስከፍልም። የካሳ ክስ የረታ ሰው፣ የበደለው ፖሊስ በማግስቱ ዩኒፎርሙን ለብሶ እዚያው ሰፈር ሲዘዋወር ሊያየው ይችላል። ክለሳ ያሸነፈም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው «ድርጊቱ ሕገወጥ ነበር» የሚል ፍርድ ነው፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ሰዓቶቹ አይጠባበቁም

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው በይርጋ ነው። ብዙዎች አቤቱታ ካስገቡ በኋላ ሌላው ሰዓት የቆመ ይመስላቸዋል። አይቆምም። ከበደሉ ቀን ጀምሮ እንዲህ ይቆጠራል፦

31 ቀን፦ ፖሊሶች ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ካሜራ ቀረጻ ለማስረጃነት ካልተፈለገ በተለምዶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ይጠፋል።

3 ወር፦ የፍርድ ቤት ክለሳ። ሕጉ የሚለው «ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ3 ወር ውስጥ» ነው። 3 ወሩ የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የተሰጠ መብት አይደለም፤ በ11ኛው ሳምንት የመጣን ሰው ዳኛው «ለምን ዘገየህ?» ሊለው ይችላል። መንገድ ላይ ቆመው የተፈተሹ ሰው የፍተሻውን ወረቀት የመጠየቅ መብታቸውም 3 ወር ነው።

6 ወር አንድ ቀን ሲቀረው፦ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በአካል ጉዳት አድልዎ ተፈጽሟል ተብሎ በእኩልነት ሕጉ የሚቀርብ ክስ።

1 ዓመት፦ በሰብዓዊ መብት ሕጉ የሚቀርብ ክስ። ፍርድ ቤቱ ሊያራዝመው ይችላል፣ ግን በእሱ ላይ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም።

3 ዓመት፦ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበት ክስ፣ ድብደባን ጨምሮ።

6 ዓመት፦ ሕገወጥ እስር እና በክፋት የተመሠረተ የወንጀል ክስ። ለኋለኛው ሰዓቱ የሚጀምረው የወንጀል ጉዳዩ ለተከሳሹ ሲያልቅ ነው።

ስለዚህ በአንድ ሌሊት የተፈጸመ አንድ ድርጊት አራት ወይም አምስት የተለያዩ የመጨረሻ ቀኖች ሊኖሩት ይችላል። በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ያስቀምጧቸው።

ማስረጃው፣ ከየትኛውም በር በፊት

ሦስቱም መንገዶች የሚቆሙት በተመሳሳይ ወረቀቶች ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለፖሊሱ ኢሜይል ይላኩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ካስታወሱም ትከሻው ላይ ያለውን ቁጥር ጠቅሰው የደረት ካሜራውና የጣቢያው ሲሲቲቪ እንዳይጠፋ በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህ ደብዳቤ ከተላከ በኋላ ቀረጻው ቢጠፋ እንኳ ደብዳቤው ራሱ በፍርድ ቤት ዋጋ አለው።

ቀጥሎ የእስር መዝገቡን ይጠይቁ። ከተለቀቁ በኋላ እስከ 12 ወር ድረስ ቅጂው ይገባዎታል። በተጨማሪ በመረጃ ጥበቃ ሕጉ ስለ ራስዎ የተያዘውን መረጃ መጠየቅ ይችላሉ፤ ነጻ ነው፣ መልሱም በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት። እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ ስሙ። ፖሊስ የአባትን ወይም የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘግባል፣ አጻጻፉም ከፓስፖርቱ ይለያል። «እንዲህ የሚባል ሰው አላገኘንም» የሚል መልስ እንዳይመጣ ጥያቄው ላይ ስምዎ ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ከትውልድ ቀንዎ ጋር ይዘርዝሩ።

መዝገቡ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታዩት ሰዓቶቹ ናቸው፤ መቼ ተያዘ፣ መቼ ጣቢያ ደረሰ፣ እስሩ መቼ ተፈቀደ፣ የመጀመሪያው የእስር ግምገማ ከተፈቀደበት በ6 ሰዓት ውስጥ ከዚያም በየ9 ሰዓቱ ተደርጓል ወይ፣ አስተርጓሚ መቼ ተጠራ፣ መቼ ደረሰ። በአንድ የቼሻየር ጉዳይ ግምገማው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በመዘግየቱ ብቻ ያ ጊዜ ሕገወጥ እስር ሆኖ በ1999 በታተመው ፍርድ 500 ፓውንድ ተፈርዷል። ከ2018 ወዲህ እንዲህ ያለው ሰው ያንን ገንዘብ ላያገኝ ይችላል፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ሌላው የሰዓት ጣጣ የራሳችን ነው። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያዙኝ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ለቀቁኝ» ያለ ሰው 11 ሰዓት ታስሯል። አስተርጓሚው ወይም ጸሐፊው ቃል በቃል ካስገባው ግን በ24 ሰዓቱ አቆጣጠር ከ03፡00 እስከ ማግስቱ 02፡00 ይሆንና 23 ሰዓት ይወጣዋል። የእስር መዝገቡ 09፡00 እና 20፡00 ይላል። የፖሊሱ ጠበቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ምስክሩ አጋኗል» ለማለት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ሕገወጥ እስር የሚለካው በሰዓት ስለሆነ ከመጀመሪያዋ ማስታወሻ ጀምሮ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፉ፤ መስከረምና ጥቅምትንም እንዲሁ ወደ ፈረንጅ ቀን ይመልሱ።

የምስክርነት ቃልም ሕግ አለው። የእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር ደንብ የምስክር ቃል በምስክሩ በራሱ ቋንቋ እንዲጻፍ ይጠይቃል። አማርኛ የሚቀናዎ ከሆነ ቃልዎ በአማርኛ ተጽፎ፣ ተርጓሚው ትክክለኛነቱን አረጋግጦ ፈርሞበት፣ ሁለቱም ለፍርድ ቤት ይገባሉ። ብዙ የሚበላሸው ቃሉ በስልክ በእንግሊዝኛ ተጠናቅሮ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ሲባል ነው። ምስክሩ ችሎት ላይ የራሱን ቃል ማንበብ ሲያቅተው እውነቱ ሁሉ ይጠረጠራል።

አቤቱታ፦ ርካሹ በር

ምንም ወጪ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልገውም። ለሚመለከተው የፖሊስ ኃይል የሙያ ሥነ ምግባር ክፍል ወይም በ2018 በተቋቋመው ነጻ የፖሊስ ቁጥጥር ቢሮ፣ በአይ ኦ ፒ ሲ፣ ድረ ገጽ በኩል ይገባል። ለአይ ኦ ፒ ሲ ያስገቡት አብዛኛው አቤቱታ ተመልሶ ለዚያው ፖሊስ እንደሚላክ ይወቁ፤ ቢሮው ራሱ የሚመረምረው ሞትን፣ ከባድ ጉዳትንና የመሳሰሉትን ነው።

አሠራሩ በየካቲት 2020 ተለውጧል። ያኔ የገባ አንድ ነገር ሰው ሳያስተውለው ያልፋል፤ ፖሊሱ ደውሎ «በቀላሉ እንጨርሰው?» ብሎ ከመደበኛው ሥርዓት ውጭ ሊፈታው ይችላል። እሺ ካሉ ሪቪው የሚባለውን ድጋሚ ዕይታ የመጠየቅ መብትዎን አብረው ያጣሉ። ስለዚህ አቤቱታው ላይ «በ2002ቱ የፖሊስ ሪፎርም ሕግ በሼጁል 3 እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ» የሚል አንድ መስመር ያክሉ፤ ሼጁል 3 መደበኛው የአቤቱታ ሥርዓት የተጻፈበት የሕጉ አባሪ ነው። ይህን ከጠየቁ መመዝገብ ግዴታቸው ነው። ውጤቱ ካልጣመዎት ድጋሚ ዕይታውን ከደብዳቤው ቀን ማግስት ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ይጠይቃሉ፤ ለማን እንደሚላክ ደብዳቤው ራሱ ይነግርዎታል።

አጻጻፉ ላይ ንዴት ቦታ የለውም። «አረመኔዎች ናቸው፣ ጥቁር ስለሆንኩ ነው» የሚለው የሚመረመር ነገር አይሰጥም። «በ14፡20 ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ የያዙኝ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ቁጥሩ እንዲህ የሆነው ‹ጣቢያ ስትደርስ ታውቃለህ› አለኝ፤ ካቴናው እንዲላላልኝ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ አጠገቤ የቆመው ነጭ ሰው ያንኑ ሲያደርግ አልተጠየቀም» የሚለው ግን እያንዳንዱ ሐረግ መልስ ያስፈልገዋል።

የወንጀል ክስ ያልተቋጨ ከሆነ ግን ቆም ይበሉ። አቤቱታው ላይ የጻፉት ዝርዝር ለዐቃቤ ሕግ ሊደርስና በራስዎ ላይ ሊጠቀስ ይችላል። የወንጀል ጠበቃዎን ሳያማክሩ ምንም አይጻፉ፤ ማስረጃ የማቆያውን ደብዳቤ ብቻ ይላኩ።

ታዲያ አቤቱታ ጥቅሙ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ፖሊሶቹ በጽሑፍ መልስ ይሰጣሉ፤ ያ መልስ በኋላ በካሳው ክስ ላይ ወርቅ ነው። ሁለተኛ፣ መንግሥታዊው የሕግ ድጋፍ፣ ሊጋል ኤይድ፣ ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት ሌሎች ምክንያታዊ አማራጮች፣ አቤቱታን ጨምሮ፣ መሞከራቸውን ይጠይቃል። ስለዚህ የምንመክረው አቤቱታን መተው ሳይሆን ብቻውን እንዳይሄድ ማድረግ ነው።

የካሳ ክስ፦ ሰፊው በር

የሚከሰሰው ግለሰቡ ፖሊስ ሳይሆን የዚያ አካባቢ የፖሊስ አዛዥ ነው፤ በ1996ቱ የፖሊስ ሕግ አንቀጽ 88 አዛዡ ለበታቾቹ ጥፋት ይጠየቃል። ለንደን ከሆነ የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ኮሚሽነር ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የብሪታንያ ትራንስፖርት ፖሊስ ነው፤ ኤርፖርት ላይ የያዘዎት የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ፖሊስ ሳይሆን ሆም ኦፊስ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ፣ ነው የሚከሰሰው። ተከሳሹን መሳሳት ይርጋው ሊያልቅ ሲል ጉዳዩን ይገድላል።

ከክሶቹ ሁሉ ለከሳሽ የሚመቸው ሕገወጥ እስር ነው፤ ምክንያቱም እስሩ ሕጋዊ እንደነበረ የማስረዳት ሸክሙ የፖሊስ ነው። ፖሊሱ ሁለት ነገር ማሳየት አለበት፤ ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያታዊ መሠረት ነበረው፣ ደግሞም መያዙ አስፈላጊ ነበር። ሰው ሁሉ የሚከራከረው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚረታው ግን በሁለተኛው ነው። ጥርጣሬ ዝቅ ያለ መመዘኛ ስለሆነ የአንድ ሰው ጥቆማ ሊበቃው ይችላል። ነገር ግን በስልክ ተጠርቶ በፈቃዱ ጣቢያ የመጣን፣ አድራሻው የታወቀን ሰው ካቴና ማስገባት ለምን አስፈለገ? ፖሊሱ ሌላ አማራጭ ጨርሶ ያላሰበ እንደሆነ የደረት ካሜራውና የማስታወሻ ደብተሩ ያሳብቁበታል።

የ2018ቱ ገደብ እዚህ ላይ ይገባል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የኤሴክስ ፖሊስ በተከሰሰበት የፓርከር ጉዳይ ላይ፣ እስሩ በአፈጻጸም ሕገወጥ ቢሆንም ያንኑ ሰው በሕጋዊ መንገድ ይይዙት እንደነበር ከታየ ካሳው ለስም ያህል ብቻ ይሆናል አለ። ስለዚህ ጥሩ ጠበቃ «ስሕተት ሠርተዋል» ብሎ አያቆምም፤ «በትክክል ቢሠሩ ኖሮ አልታሰርም ነበር» የሚለውንም ያዘጋጃል።

ስንት ይሆናል? መለኪያው ዛሬም በ1997 በቶምፕሰን ጉዳይ የተሰጠው መመሪያ ነው። ለመጀመሪያው ሰዓት 500 ፓውንድ ገደማ፣ ለ24 ሰዓት 3,000 ገደማ። ሰዓቱ ሲረዝም የየሰዓቱ ዋጋ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ትልቁ ድንጋጤ መጀመሪያ ላይ ነውና። በዋጋ ንረት ተስተካክሎ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ለማዋረድ፣ ለመሳደብ ወይም ለሐሰት ቃል የሚጨመረው ካሳ በያኔው ገንዘብ ከ1,000 አያንስም፤ ፖሊስን ለመቅጣት የሚፈረደው ከ5,000 እስከ 25,000፣ ከፍተኛ መኮንኖች ሲገቡበት እስከ 50,000 ነበር። ለአንድ ሌሊት እስር ሚሊዮን የሚያስቡ ሰዎች እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ።

በክፋት የተመሠረተ ክስ ግን ሌላ ነገር ነው። የወንጀል ጉዳዩ ለእርስዎ ማለቁን፣ ምክንያታዊ መሠረት እንዳልነበረው፣ ፖሊሱም በክፉ ዓላማ እንደገፋው ማስረዳት የእርስዎ ነው። ነጻ መውጣት ብቻውን አይበቃም። ሕገወጥ እስርና በክፋት የተመሠረተ ክስ ላይ በጁሪ፣ ከተራው ሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች፣ የመዳኘት መብት አለ፤ በእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር ችሎት ይህ ብርቅ ነው፣ ፖሊስንም ወደ ድርድር የሚገፋ ነገር ነው።

ብዙዎች ሳያውቁት በሩን የሚዘጉት ጣቢያ ውስጥ ነው። ሌሊት ደክሟቸው፣ «ፈርምና ሂድ» ሲባሉ ኮሽን የሚባለውን መደበኛ ማስጠንቀቂያ ይፈርማሉ። ኮሽን ጥፋትን ማመን ነው። ከፈረሙ በኋላ እስሩ ያለአግባብ ነበር ማለት በጣም ይከብዳል፤ በክፋት የተመሠረተ ክስ የሚለው ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ተፈርዶባቸው ከሆነና የሚከሱት በዚያው ድርጊት ወቅት ስለ ደረሰ ድብደባ ወይም እስር ከሆነ በ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ አንቀጽ 329 መሠረት ለመክሰስ ራሱ የፍርድ ቤት ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ቸልተኝነትን በተመለከተ ድንበሩን ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ያሳያሉ። በ2018 በሮቢንሰን ጉዳይ፣ ሐደርስፊልድ ውስጥ ፖሊሶች አደንዛዥ ዕፅ ሻጭ ሲይዙ የወደቁባቸው አረጋዊት መንገደኛ ረቱ፤ ጉዳቱን ያደረሰው የፖሊሶቹ ድርጊት ነበርና። በጥቅምት 2024 በቲንዳል ጉዳይ ግን በረዶ የጋገረበት መንገድ ላይ ፖሊሶች ደርሰው፣ ጠርገው፣ ምልክታቸውን አንሥተው ከሄዱ በኋላ በደረሰ የሞት አደጋ ቤተሰቡ ተረታ፤ አደጋውን ፖሊስ አላባባሰውም ተባለ። ፖሊስ ባደረገው ነገር ይከሰሳል፤ ባላደረገው ነገር በቸልተኝነት መክሰስ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ለዚህኛው የሚሻለው የሰብዓዊ መብት ሕጉ ሊሆን ይችላል። በየካቲት 2018 የለንደን ታክሲ ሾፌር የነበረው የዎርቦይስ ጥቃት ሰለባዎች በምርመራው ከባድ ጉድለት የተነሣ ሜትሮፖሊታን ፖሊስን የረቱት በዚያ መንገድ ነው፤ ሰዓቱ ግን 1 ዓመት መሆኑን አይርሱ።

የፍርድ ቤት ክለሳ፦ ጠባቡና ፈጣኑ በር

ክለሳ የሚመለከተው ማን ዋሸ፣ ማን መታ የሚለውን አይደለም። ሁለት የሚጋጩ ታሪኮች ካሉ መንገዱ የካሳ ክስ ነው። ክለሳ ውሳኔን ወይም ፖሊሲን ይዞ «ይህን ለማድረግ ሥልጣን አለህ ወይ? በአግባቡስ ወስነሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

የቅርብ ዓመታቱ ጉዳዮች ለምን እንደሚጠቅም ያሳያሉ። በነሐሴ 2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በብሪጅስ ጉዳይ የደቡብ ዌልስ ፖሊስ ካርዲፍ ላይ ፊት የሚለይ ካሜራ የተጠቀመበት መንገድ ሕገወጥ ነው አለ፤ ማን ይፈለጋል፣ የትስ ይተከላል የሚለው ለፖሊሶቹ ፈቃድ በጣም ተትቶ ነበርና። በመጋቢት 2022 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሆም ኦፊስ በ2020 በትንንሽ ጀልባ ከሚገቡ ስደተኞች ላይ ስልካቸውን በጅምላ መንጠቁንና የመክፈቻ ቁጥራቸውን ማስገደዱን ሕገወጥ አደረገ። በዚያ መንገድ የኛ አገር ልጆችም ይመጣሉና ይህን ፍርድ ማወቅ ይጠቅማል። በግንቦት 2025 ደግሞ «ከባድ ረብሻ» የሚለውን «ከጥቃቅን በላይ» ብሎ ያወረደው የተቃውሞ ሰልፍ ደንብ፣ ሊበርቲ የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት ባቀረበው ክስ ይግባኝ ላይም ሕገወጥ እንደሆነ ጸና።

ለግለሰብ በተለይ የሚጠቅመው ኮሽንን ለማሻር ነው። መዘዙ ሳይነገራት ለፈረመች ሴት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2013 ኮሽኑን ሽሮላታል። እንክብካቤ ሥራ ወይም ታክሲ ላይ ላለ ሰው ይህ ከካሳ ይበልጣል፤ ወረቀቱ ነው እንጀራውን የሚይዘው። የሥራ ማጣሪያው፣ ዲ ቢ ኤሱ፣ ላይ ፖሊስ ያልተረጋገጠ ነገር ከጻፈ ግን መጀመሪያ ሰርተፊኬቱ ከወጣበት በ3 ወር ውስጥ በዲ ቢ ኤስ በኩል ተቃውሞ ይቀርባል፤ ፍርድ ቤት የሚኬደው ያ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ሌላ በቂ መፍትሔ እያለ የመጣን ሰው ክለሳው ይመልሰዋል።

አካሄዱ፦ መጀመሪያ የቅድመ ክስ ደብዳቤ ይላካል፣ በተለምዶ 14 ቀን ይሰጣል። ብዙ ጉዳይ እዚሁ ያልቃል፤ የፖሊስ የሕግ ክፍል ደብዳቤውን ሲያነብ ውሳኔውን ይመልሳል። ካልሆነ ክሱ ይገባና ዳኛ ወረቀቱን አይቶ ፈቃድ ይሰጣል ወይም ይከለክላል። ከተከለከለ በቃል ለመከራከር ለመጠየቅ ያለው 7 ቀን ብቻ ነው፤ በገና ሰሞን የመጣ ክልከላ በዚህ ምክንያት ስንቱን አስቀርቷል።

የወንጀል ሰለባ ሆነው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ «አንከስም» ካለዎት ወደ ክለሳ አይሩጡ። መጀመሪያ ለሰለባዎች የተዘጋጀውን ድጋሚ ዕይታ ይጠይቁ፤ ዐቃቤ ሕጉ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ቢሆን ይመርጣል፣ ጣሪያው 3 ወር ነው።

ሰው ከሞተ

በፖሊስ እጅ ወይም በፖሊስ ድርጊት ሰው ሲሞት ኮሮነር የሚባለው የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ምርመራ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ ጁሪ ይቀመጥበታል። ካሳ አይፈርድም፣ ግን ማስረጃው ሁሉ የሚወጣው እዚያ ነው። ከጥር 2022 ወዲህ ልዩ የሕግ ድጋፍ የተፈቀደላቸው ቤተሰቦች ገቢያቸው አይታይም። አደገኛው ነገር ምርመራው ከዓመት በላይ ሲቆይ የሰብዓዊ መብቱ 1 ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ከፖሊሱ ጋር የጊዜ ማራዘሚያ ስምምነት በጽሑፍ መያዝ፣ እምቢ ካሉ ክሱን አስገብቶ እንዲቆይ ማስደረግ ያስፈልጋል።

ሶሊሲተር፣ ባሪስተር ወይስ ነጻ እርዳታ?

ሶሊሲተሩ ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይይዛል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፣ ክስ ያስገባል። ባሪስተሩ የሕግ አስተያየት ይጽፋል፣ ክሱን ይቀርጻል፣ ችሎት ላይ ይከራከራል። ከ2004 ወዲህ ለዚህ የሠለጠነ ባሪስተር ጋር በቀጥታ መሄድ ይቻላል። ይህ በርካሽ ይጀምራል፣ ጣጣው ግን በኋላ ይመጣል፤ አብዛኞቹ ክስ የማካሄድ ፈቃድ ስለሌላቸው ወረቀት ማስገባቱና ለተከሳሽ ማድረሱ የእርስዎ ሥራ ይሆናል። የካሳ ክስ ማመልከቻ ወጥቶ በ4 ወር ውስጥ ለተከሳሽ ካልደረሰ ይሞታል። ደግሞም በቀጥታ በተያዘ ባሪስተር ሊጋል ኤይድ አይሠራም።

የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ለካሳ ክስ ሶሊሲተር ይያዙ። ቀኑ በተቃረበ ክለሳ ላይ፣ ወይም «ጉዳዬ ያዋጣል?» የሚል ጥያቄ ብቻ ሲኖርዎ፣ ዋጋው አስቀድሞ በተቆረጠ የጽሑፍ አስተያየት ባሪስተርን በቀጥታ መጠየቅ ጥሩ ነው። አድቮኬት የሚባለው የባሪስተሮች በጎ አድራጎት ድርጅት ነጻ ባሪስተር ያገናኛል፤ ጊዜ ስለሚወስድ በመጨረሻው ሳምንት የሚኬድበት አይደለም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለሊጋል ኤይድ የቤተሰቡ ጠቅላላ የወር ገቢ ከ2,657 ፓውንድ፣ ተቀናሽ ከወጣለት በኋላ ከ733፣ ንብረቱም ከ8,000 መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ ከሆኑ «ካላሸነፍን አንከፈልም» የሚለው ውል አለ። ውሉ ግን የሚሸፍነው የራስዎን ጠበቃ ነው፤ ከተረቱ የፖሊስን ወጪ ማን ይከፍላል? በአካል ጉዳት ክስ ተረቺ ከሳሽ በአብዛኛው ይጠበቃል። በ2019 በብራውን ጉዳይ ግን ጉዳትና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ክስ ያ ጥበቃ በራሱ አይገባውም ተብሏል። የፖሊስ ክስ ደግሞ ሁልጊዜ ድብልቅ ነው ማለት ይቻላል። ይህን በግልጽ ሳያስረዳ ውል የሚያስፈርም ጠበቃ ጋር አይፈርሙ።

ባሪስተር ሲመርጡ የቻምበሩ፣ ባሪስተሮች በጋራ የሚሠሩበት ቢሮ፣ ገጽ ላይ ያለውን «የቅርብ ሥራዎች» ዝርዝር በጥንቃቄ ያንብቡ። ዶውቲ ስትሪት፣ ጋርደን ኮርትና ማትሪክስ በአብዛኛው ከከሳሽ ወገን በሚሠሩት ይታወቃሉ፤ ፋይቭ ኤሴክስና ሰርጀንትስ ኢን ለፖሊስ በሚቆሙት። በሁለቱም ወገን የሚሠራ ባሪስተር መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም የተቃራኒውን አእምሮ ያውቃል፤ ዋናው እርስዎ የሚከሱትን ፖሊስ አሁን አለመወከሉ ነው። ስመ ጥር ጉዳይ ሲጠቅስ በራሱ የተከራከረው ነው ወይስ በኬሲ፣ ከፍተኛ ማዕረግ ባለው ባሪስተር፣ ሥር ረዳት ሆኖ? እስከ ፍርድ ደረሰ ወይስ በስምምነት አለቀ? ለማንስ ቆሞ? ለአንድ ሌሊት እስር ኬሲ አያስፈልግም፤ በሕገወጥ እስር ላይ ጁሪ ፊት የቆመ ጁኒየር፣ ያ ማዕረግ የሌለው ባሪስተር፣ ይሻላል። ፈቃዱን በባር ስታንዳርድስ ቦርድ የባሪስተሮች መዝገብ ላይ በስሙ ፈልገው ያረጋግጡ።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ይዘው የሚሄዱት ይህ ነው፦ የመጨረሻ ቀኖቹ የተጻፉበት ገጽ፣ የእስር መዝገቡ፣ ማስረጃ እንዲቆይ የላኩት ኢሜይል፣ የሐኪም ወረቀትና በ72 ሰዓት ውስጥ የተነሣ የቁስሉ ፎቶ፣ የወንጀሉ ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ የሚያሳይ ደብዳቤ፣ እና በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ የጊዜ ቅደም ተከተል። አስተርጓሚ ከፈለጉ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ፤ ዘመድ ይዞ መሄድ ምስክርነቱን ያበላሻል፣ በተለይ ያ ዘመድ የዚያን ቀን አብሮዎት ከነበረ።